መቃብር ይጎበኛል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከካራ ወዲያ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ከሚጀምርበት ሰፈር ነው የምጽፍልዎ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። አጥቢያችን ዙሪያ ያረጀ የመቃብር ቦታ አለ። አንዳንዱ ድንጋይ ከጣሊያን ጊዜ በፊት የቆመ ነው። ግማሹ በሣር ተውጧል። እኛ ወጣቶቹ አንድ ቀን መርጠን፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተን፣ ማን የት እንዳረፈ እየተረክን እናስጎብኝ ብለን ተነሳን። ሽማግሌዎቻችን ግን ተቆጡ። ‹መቃብር ሙዚየም ነው እንዴ? የሰው ማረፊያ የቲክቶክ መሥሪያ ልታደርጉት ነው?› አሉን። እውነት ነውር ነው? ካልሆነስ ከምን እንጀምር? ድንጋዮቹንስ አጥበን ብንጠብቅ ምን ይመስልዎታል?»
የእድር ጸሐፊ፣ ከካራ

ልጄ፣ ነውር አይደለም። እኛ እኮ መቃብር ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ነን። ለአርባ እንሄዳለን፣ ለሰማንያ እንሄዳለን፣ ለሙት ዓመት እንሄዳለን። ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ገብቶ የሲልቪያ ፓንክረስትን ወይም የጸጋዬ ገብረ መድኅንን መቃብር የሚያየውን ሰው ማንም ነውረኛ አይለውም። በአታ ሄዶ የምኒልክንና የጣይቱን ማረፊያ የተሳለመም እንደዚሁ። የአበበ ቢቂላን መቃብር ብለው ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሄዱ አሉ። ማሞ ወልዴም እዚያው አጠገቡ ነው። ለታላላቆቹ ሲሆን ክብር፣ ለሰፈራችን ሰዎች ሲሆን ነውር የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

ቲክቶኩ ላይ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። መቃብር ላይ ተደግፎ ሰልፊ መነሳት አይሆንም። በር ላይ አንድ ጨዋ ልጅ አቁሙና ይንገራቸው። ድንጋዩን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን ፎቶ አይነሳም። መቃብር ላይ አይቀመጡ፣ አይራመዱ። በቅርቡ የተቀበረ ሰው ያለበትን ጥግ ከነጭራሹ ከመንገዳችሁ አውጡት። እናት ልጇን የቀበረችበት አፈር ገና ሳይደርቅ ሰው እየመራህ በዚያ ብታልፍ እኔም እቆጣሃለሁ።

እንዲህ ያለው የጉብኝት ቀን ፈረንጅ አገር የተለመደ ነው። ፈረንሳይ በእነሱ አቆጣጠር በ1984 ታሪካዊ ሕንፃዎቿን ለሕዝብ የምትከፍትበት ቀን ጀመረች። ከዚያ ወደ ሌላው አውሮፓ ተዛመተ። የእነሱ ችግር የተቆለፈ በር ነበር። የእኛ መቃብር በሩ መቼ ተዘግቶ ያውቃል? ፍየል ሁሉ ይገባበታል! እኛ እያጣን ያለነው ድንጋዩን አይቶ «ይቺ እኮ የእገሌ አክስት ናት፣ ጠጇ አይጣል ነበር» የሚለውን ሰው ነው። እሱ ደግሞ እያረጀ ነው።

ስለዚህ የተቆጧችሁን ሽማግሌዎች አስፈቅዳችሁ ብቻ አትለፏቸው። አስጎብኚዎቹ እነሱ ይሁኑ። «እርስዎ ካልነገሩን ማን ይነግረናል?» ብላችሁ ሂዱ። ቡናም ይዛችሁ ሂዱ። ከቀኑ በፊት እያንዳንዱ ሽማግሌ በተራው በመቃብሩ መካከል ይዟችሁ ይዙር። ስልካችሁ ይቅዳ። «መቼ ሞቱ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱን ድንጋዩም ይነግራችኋል። «ምን ይሠሩ ነበር? ማንን አገቡ? ከማን ጋር ተጣሉ?» በሉ። ጠቡን ሲያነሱ ቀኑም ዘመኑም አብሮ ይመጣላቸዋል። የአገራችን ሰው የመሬት ክርክር የረሳበት ጊዜ የለም።

ፈቃዱን በአጭሩ ልንገርህ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ የሰበካ ጉባኤውን በደብዳቤ ጠይቁ፤ አስተዳዳሪውን ደግሞ በአካል አነጋግሩ። ለወረዳውም አሳውቁ። መቃብሩ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ በቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና አይካሄድበትም። መጎብኘትና መጠገን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናንተ ለጊዜው የፈለጋችሁት መጎብኘቱን ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አንተ የእድር ጸሐፊ ነህ። መዝገቡ እጅህ ላይ ነው። አሮጌው መዝገብ ካልጠፋ የማን ቤተሰብ መቼ የቀብር ገንዘብ እንደተከፈለው፣ ማን ድንኳን እንደወሰደ ሁሉ አለበት። ከዚያ ላይ ስም አውጡና በወረቀት ይዛችሁ መቃብሩ ውስጥ ግቡ። አንዱን ከሌላው ስታገናኙ ቶሎ አይገጥምላችሁም። መዝገቡ «ወይዘሮ በለጡ» ሲል ድንጋዩ «ወለተ ማርያም» ይላል። አንዳንዱ ሰው ድንጋዩ ላይ የሚወጣለት የክርስትና ስሙ ነው። ሁለቱን ስም የሚያውቅ የንስሐ አባት ወይም ጎረቤት ያስፈልጋችኋል። እንግዲህ እዚህም ሽማግሌ ላይ ነው የምትወድቁት።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። በመሮና በመዶሻ ፊደል ያወጡ ነበር። ክፍያው በፊደል ብዛት ነበር። ያለው ሰው ማዕረጉን፣ የፈረስ ስሙን፣ ያገለገለበትን አገር፣ «ነፍስ ይማር»ን ጨምሮ ሙሉውን ያስጽፋል። የሌለው ስምና ዓመት ብቻ። አንዳንዱ ገንዘቡ ሲያልቅበት የአባቱን ስም በምህጻር ያስወጣ ነበር። ከዚያም የባሰ አለ። ድሮ ተራው ሰው ስሙ ድንጋይ ላይ አይወጣለትም፤ የድንጋይ ክምርና የእንጨት መስቀል ነው የነበረው። መስቀሉ በስብሶ ክምሩ ብቻ ይቀራል። ይህን የምነግርህ ስታስጎበኙ የቀኛዝማቹን ረጅም ጽሑፍ አንብባችሁ ወደሚቀጥለው ረጅም ጽሑፍ እንዳትዘሉ ነው። አጭሩ ድንጋይ ጋ ቁሙ። ድንጋይ የሌለው ክምር ጋም ቁሙ። እዚያ ነው የሚወራ የሚያስፈልገው።

አዲስ አበባ ውስጥ በጦርነት ለሞቱ የብሪታንያና የጋራ ብልጽግና አገሮች ወታደሮች የተሠራ መቃብር አለ። ጣሊያንን ለማስወጣት በ1933 በተደረገው ዘመቻ የወደቁ አሉበት። መቃብሩን የሚጠብቀው ኮሚሽን ከተቋቋመ ከ1909 ጀምሮ አንድ ደንብ አለው፤ ለመኮንኑም ለተራው ወታደርም ድንጋዩ አንድ ዓይነት ነው። ሄዳችሁ እዩት። የእኛን እንደዚያ አድርጉት ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ውበቱ መዘበራረቁ ነው። ግን ለአንዱ የሰጣችሁትን ደቂቃ ለሌላውም መስጠት እንደሚቻል ታያላችሁ።

ዓመተ ምሕረቱን በሚገባ አንብቡ። ብዙ ወጣት የግእዝ ቁጥር ላይ ይደናቀፋል። ግእዝ ዜሮ የለውም። ፲፱፻፲፩ን ስታዩ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፲፩ አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ። ይህን ዓመት ድንጋይ ላይ ካገኛችሁ ወሩን ፈልጉ። ኅዳር ከሆነ ቁሙ። የኅዳር በሽታ የሚባለው፣ ዓለሙን ሁሉ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን የመታት ያኔ ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየጉድጓዱ በጥድፊያ ተቀበረ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ ትዝታ ነው። ልጆቹ ጭሱን ያውቁታል፤ ምክንያቱን ግን እዚያ ድንጋይ ፊት ቢሰሙት አይረሱትም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ በፈረንጅ 1918 እንደሆነ ንገሩት። እንዲሁ «1911» ካላችሁት ምኒልክ ገና በሕይወት የነበሩበት ዓመት ይመስለዋል።

የካቲት 1929ም እንደዚሁ ነው። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማው የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁሉም ያውቃል። ግን ጠንቀቅ በል። ቀኑ ስለገጠመ ብቻ «ይህ ሰማዕት ነው» ብላችሁ አታውጁ። በዚያ ሳምንት በወሊድ የሞተችም፣ በእርጅና የሞተም ነበረ። ቤተሰቡ ይጠየቅ። የሚያውቅ ከሌለ ቀኑን ብቻ አንብቡና እለፉ።

የመጨረሻው አኃዝ ተፈግፍጎ ከጠፋስ? አንዳንድ ድንጋይ «በዘመነ ማቴዎስ» ወይም «በዘመነ ሉቃስ» ይላል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እንግዲህ ድንጋዩ ፲፱፻፳ ብሎ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከጠፋና ዘመነ ማቴዎስ ካለ፣ ሊሆን የሚችለው 1921፣ 1925 ወይም 1929 ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ የእድር መዝገብና አንድ አሮጊት ይበቃሉ። ተማሪዎቼ ሒሳብ የሚወዱት በዚህ ጊዜ ብቻ ነበር።

ድንጋይ ማጠቡን ተዉት። ይቅርታ፣ ጉጉታችሁ ገብቶኛል። ግን ስንቱን ድንጋይ በ«ጽዳት» ሲበላሽ አይቻለሁ። በረኪና አይነካም። አሲድ አይነካም። የሽቦ ብሩሽ አይነካም። የደበዘዘውን ፊደል በጥቁር ቀለም መከተልማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቀለም የያዘው ልጅ «ሐ»ን «ሠ» አድርጎት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ፊደል የቱ እንደነበር ማን ያውቃል? የተሰነጠቀውንም በሲሚንቶ አትለስኑ። ሲሚንቶ ከለስላሳው ድንጋይ ይጠነክራል፣ እርጥበት ያፍናል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው ቆሞ ድንጋዩ ይረግፋል። ሣሩን እጨዱ፣ የወደቀውን ቅርንጫፍ አንሱ፣ ጭቃ የሸፈነው ፊደል ካለ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አስለቅቁ። በቃ። የድንጋይ ሽበቱንም ተዉለት። እናንተን ቀድሞ ነው የመጣው።

ለማንበብ ማጠብም አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ሂዱ፣ ወይም አመሻሽ ላይ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የተቦረቦረው ፊደል ጥላ ይይዛል። ቀትር ላይ ምንም የማይታየው ድንጋይ በአሥራ አንድ ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ድንጋዩ ጥላ ውስጥ የሚውል ከሆነ የእጅ ባትሪ በጎኑ አስጠግታችሁ አብሩበት። ያኔ ፎቶ አንሱት።

ቀኑን በክረምት አታድርጉት። ጭቃውን ተወው፤ አሮጌ መቃብር በዝናብ ይሰረጉዳል፣ ሰው እግሩን ይሰብራል። ከመስቀል በኋላ ሲደርቅ ደስ ይላል። ጥቅምት ጥሩ ነው። (በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለውን ተረት እዚህ ባላነሳው ይሻላል።) የንግሥ ቀን አትምረጡ፣ በሰው ብዛት መቆሚያ አታገኙም። እሑድ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። የሰረጎደውን ቦታ ቀድማችሁ በገመድ ከልሉ። የድሮ ግንብ ፉካ ካለ ማንም አይደገፍበት።

ትኬት አትሽጡ። ለሣር ማጨጃ የሚሰጥ ካለ በእድሩ ደረሰኝ ይስጥ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ጋር አይቀላቀል። በገንዘብ የተነሳ ወሬ አንዴ ከጀመረ ጉብኝቱን ማንም አያስታውሰውም። ቡና፣ ቆሎ፣ ዳቦ ይበቃል። ድንኳኑና ወንበሩ እንደሆነ የእድር ነው። ድንኳኑን ግን ከግቢው ውጭ ትከሉት። መቃብር አጠገብ የተተከለ ድንኳን ያየ ሁሉ «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። በዚያ ቀን ቀብር ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ጉብኝቱ ቀረ። ማብራሪያው ይቆማል፣ ስልክ ወደ ኪስ ይገባል፣ ሁሉም ለቀስተኛ ይሆናል። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆማችሁ፣ ቤተሰቡን አጽናንታችሁ ነው የምትቀጥሉት፤ ካልተመቸም ለሌላ ቀን። ይህን ለሽማግሌዎቹ አስቀድመህ ብትነግራቸው ግማሹ ቁጣ የሚበርድ ይመስለኛል።

«እትዬ፣ የአያቴ መቃብር አቃቂ ነው። በአሮጌ ጥርብ ድንጋይ ላይ ስማቸው ብቻ አለ። ወንድሜ ከውጭ ገንዘብ ልኮ ‹አፍርሳችሁ በእብነ በረድ፣ ከነፎቶው አሠሩት› ይላል። እኔ አሮጌው ያሳዝነኛል። ምን ልበለው?»
የልጅ ልጅ፣ ከአቃቂ

አታፍርሺው። ወንድምሽ ክፉ አላሰበም፤ ሩቅ ያለ ሰው በገንዘብ ነው የሚያለቅሰው። «አሮጌው ይቆይ፣ አዲሱን ትንሽ አድርገን ከእግርጌው እናኑረው» በይው። አዲሱ ላይ አሮጌው የማይናገረውን ጻፉ። የተወለዱበትን አገር፣ የአባታቸውን ሙሉ ስም፣ ሥራቸውን። አሁን በፊደል የሚያስከፍል ጠራቢ ብዙም የለም፣ ማሽን ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ አትሰስቱ። ፎቶውን እንደ ፈቃዳችሁ። ፀሐይ ላይ ቶሎ የሚነጣ ፎቶ እንዳይሆን ብቻ ጠይቂ።

ቦታው ለልማት ይነሳል ተብሎ አፅም እንድታነሱ ማስታወቂያ ከወጣ ግን ድንጋዩን ትታችሁ እንዳትሄዱ። ብዙ ሰው አፅሙን በክብር ይወስድና ድንጋዩን ለግንበኛ ይተዋል። ሳይነሳ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሺው፤ አጠገቡ ያሉትን መቃብሮች ጨምረሽ። የጎረቤቱም ቤተሰብ አንድ ቀን ይፈልገዋል።

«እትዬ፣ በሰፈራችን እንዲህ ያለ የመቃብር ጉብኝት ሊደረግ ነው። የስምንት ዓመት ልጄን ልውሰዳት? ሌሊት ትባንን ይሆን ብዬ ፈራሁ።»
አባት፣ ከቡራዩ መንገድ

ውሰዳት። ልጅ የሚፈራው ሹክሹክታውን ነው። አዋቂው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ «እዚህ ምን አለ?» ብላ ነው የምትፈራው። ሥራ ስጣት። የግእዝ ቁጥር ከአንድ እስከ ሃያ በወረቀት ጻፍላትና «፳ን ፈልጊ፣ ፻ን ፈልጊ» በላት። ምሥራቅ የት እንደሆነም ጠይቃት። የክርስቲያኑ መቃብር ራስጌው ወደ ምዕራብ፣ እግርጌው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ወደምትወጣበት ያያል። ሰፈራችሁ አጠገብ የሙስሊም መቃብር ካለ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ አሳያት። እዚያ ደግሞ ፊት ወደ መካ ነው የሚዞረው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ሰሜን ማለት ነው። ሁለቱን ካየች በኋላ ፀሐይ ባትኖር እንኳ አቅጣጫ ታውቃለች።

ጫማዋ የተዘጋ ይሁን፤ ሳማ አለ። የሞተ ዘመድ ካላችሁ መጀመሪያ እሱ ጋ ውሰዳትና ስለ እሱ የሚያስቅ ነገር ንገራት። ደግሞ በጊዜ ሂዱ፣ ዳቦው ሳይቆረስ። ዳቦ ከታየ በኋላ አንድም ልጅ አይሰማህም።